ባሕር አጥር አይሆንም

ክቡራትና ክቡራን፣ የዛሬው ጉዳያችን በደሴቶች ላይ የሚገኙ ጥብቅ ስፍራዎችና አጎበኛኘታቸው ነው። ስለ መንገድ፣ ስለ ጀልባና ስለ ጫማ እንደምናገር ጠብቃችሁ የመጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የአንዲት መርከብ ነገር ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1918 በጁን ወር ማካምቦ የምትባል የእንፋሎት መርከብ ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ በምትገኘው በሎርድ ሃው ደሴት ዳርቻ ከመሬት ጋር ተጋጨች። እስክትጠገን ድረስ ጥቂት ቀናት እዚያው ቆየች። በእነዚያ ቀናት የመርከብ አይጦች ወደ የብስ ወጡ። ከዚያ በፊት ደሴቲቱ ይህን ዓይነት አይጥ አታውቅም ነበር። ብዙ ሳይቆይ ከዚያች ደሴት በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ አምስት ዓይነት ወፎች ጠፉ። እንጨት የሚመስል፣ ክንፍ አልባ፣ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው አንድ ግዙፍ ነፍሳትም አብሮ ጠፋ፤ ለሰማንያ ዓመታት ያህል እንደሞተ ተቆጥሮ ከኖረ በኋላ በ2001 ከደሴቲቱ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከባሕር በቀጥታ ከተነሣ የአለት ሾጣጣ ላይ፣ በአንድ ቁጥቋጦ ሥር፣ 24 ብቻ ተርፈው ተገኙ። አይጦቹን ከሎርድ ሃው ለማጥፋት ትልቁ ዘመቻ የተካሄደው በ2019 ነበር። የጥቂት ቀናት ጥገና የመቶ ዓመት ዕዳ ጥሎ ሄደ ማለት ነው።

ደሴት ላይ ያለ ጥብቅ ስፍራ ሲነሣ ብዙ ሰው በሐሳቡ የሚስለው ባሕር የከበበው፣ ራሱን በራሱ የሚጠብቅ ምድር ነው። በካርታው ላይ አረንጓዴ ይቀባል፣ በአዋጅ ይከለላል፣ ከዚያ በኋላ የቀረውን ተፈጥሮ ታውቅበታለች ይባላል። እኔ የምከራከረው ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው። በደሴት ላይ ተጠብቆ የምታዩት እያንዳንዱ ጫካና የባሕር ዳርቻ የአንድ ሰው የዛሬ ጠዋት ሥራ አለበት። ያ ሥራ ምን እንደሆነ ሳታውቁ ከጎበኛችሁት የስፍራውን ግማሽ ሳታዩት ትመለሳላችሁ።

ደሴቶች ከዓለም የብስ የሚይዙት አምስት በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከ1500 ወዲህ መጥፋታቸው ከተመዘገበው ወፎች መካከል ግን እጅግ የሚበዙት የደሴት ወፎች ናቸው። በዋናው ምድር ያለ ወፍ ከድመትና ከእባብ፣ ከአይጥና ከቀበሮ ሲሸሽና ሲደበቅ ኖሯል። አዳኝ ባልደረሰበት ደሴት የኖረ ወፍ መብረሩን እስከ መተው ይደርሳል፤ መሬት ላይ ይጥላል፣ መሬት ላይ ይፈለፍላል፣ ሰው ሲጠጋው ቀና ብሎ ያያል እንጂ አይሸሽም። ቁጥሩም ትንሽ ነው። እሳት ቢነሣ ወይም በሽታ ቢገባ የሚሻገርበት ሌላ ሸለቆ የለውም። ጎብኚው ወፎቹ ለማዳ ናቸው ብሎ ደስ ይለዋል፤ የሚያስደስተው ያ የዋህነት ነው ለጥፋት የሚያጋልጣቸው።

አዋጅ ብቻውን እንደማይበቃ ከማርታስ ቪንያርድ የተሻለ ምስክር አላውቅም። በአሜሪካ ከማሳቹሴትስ ጠረፍ አጠገብ የምትገኝ ደሴት ናት። ሂዝ ሄን የሚባል፣ መጠኑ ዶሮ የሚያህል ቆቅ መሳይ ወፍ ነበር። ቀድሞ በምሥራቁ የአሜሪካ ጠረፍ በብዛት ይኖር ነበር፤ ሲታደን ሲታደን በ1870 ገደማ የቀረው በዚህች ደሴት ላይ ብቻ ሆነ። በ1908 ጥብቅ ስፍራ ተከለለለት። በዚያን ጊዜ ወፎቹ መቶ የሚሞሉ አይመስልም ነበር። ጥበቃው ሠራ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ቁጥራቸው ወደ 2,000 ተጠጋ። እንግዲህ አዋጁ የሚወደስበት ጊዜ ነበር።

በ1916 በሜይ ወር፣ ሴቶቹ እንቁላል ታቅፈው ሳለ፣ እሳት ተነሣ። ያ ሜዳ ከጥንት ጀምሮ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እሳት የለመደ ነበር፤ እሳት ሲከለከልበት ቁጥቋጦው ተጠራቀመ፣ ሲያያዝም ሰደድ እሳት ሆነ። ከእሳቱ በኋላ ብርቱ ብርድ መጣ። ጭልፊቶች በረከቱ። ከቤት እንስሳት የተላለፈ በሽታም ገባ። በ1927 የተቆጠሩት 13 ብቻ ሲሆኑ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። የመጨረሻው ወንድ ለብቻው ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በማርች 11 ቀን 1932 ለመጨረሻ ጊዜ ታየ። ጠባቂ ነበረ፣ ወሰን ነበረ፣ ሕግም ነበረ። መሬቱ በየጊዜው መቃጠል እንደሚሻ ግን በዚያን ዘመን እንደ ዛሬው አልታወቀም።

ዛሬ በጎረቤቷ ደሴት በናንታኬት ባለሙያዎች ነፋሱንና እርጥበቱን ለክተው የሣር ሜዳውን ክፍል በክፍል ራሳቸው ያቃጥሉታል፤ ለእሳት የማይመቸውን ያጭዱታል። ያንን ሳያደርጉ ቢቀሩ ሜዳው በቁጥቋጦ ተውጦ በሣር መካከል የሚኖሩት ዕፀዋትና ወፎች ስፍራ ያጣሉ። አንዳንድ ጎብኚ የጠቆረ መሬት አይቶ ሐዘኑን ይገልጣል። ባለሙያው ግን የዓመቱን ምርጥ ሥራ ሠርቶ ነው የቆመው።

ናንታኬትን ካነሣሁ የገንዘቡን ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ በዚህ ዓይነት ጉባኤ ሁልጊዜ የሚዘለል ጉዳይ ስለሆነ ነው። በ1983 የደሴቲቱ ሰዎች የመሬት ባንክ አቋቋሙ። ባንክ ይባል እንጂ ብድር አይሰጥም። በደሴቲቱ ላይ ቤት ወይም መሬት ሲሸጥ፣ ከተወሰኑ ነጻ ሽያጮች በቀር፣ ገዢው የዋጋውን ሁለት በመቶ ለዚህ ተቋም ይከፍላል፤ ተቋሙም በገንዘቡ ክፍት መሬት እየገዛ ለሕዝብ መሄጃ፣ መዋኛና መዝናኛ ያደርገዋል። ማርታስ ቪንያርድም በ1986 ተመሳሳይ ሥርዓት ዘረጋች። ናንታኬት ላይ ከ1963 ጀምሮ በስጦታና በግዢ መሬት የሚያሰባስብ የግል ድርጅትም ስላለ፣ ዛሬ ከደሴቲቱ ግማሽ የሚበልጠው በልዩ ልዩ ባለቤቶች እጅ ተጠብቆ ይገኛል።

ይህን አሠራር እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ግንባታውን የሚያፋጥነው ገበያ ራሱ ለጥበቃው እንዲከፍል ያስገድዳል። ነቀፌታም አለብኝ። የመሬት ዋጋ በናረ ቁጥር የባንኩ ገቢ ይጨምራል፤ ባንኩ የሚገዛው መሬትም አብሮ ይወደዳል። ግማሹ የተጠበቀ ደሴት ላይ ለመምህሩና ለአናጢው የሚሆን ቤት ማግኘት ከባድ ይሆናል። ውብ መንገድ ላይ ስትሄዱ ይህ ሒሳብ ከእግራችሁ ሥር መኖሩን አትርሱ።

አሁን ወደ ሌላ ውቅያኖስ እንሻገር። በሲሸልስ ኩዘን የምትባል ከሠላሳ ሔክታር የማትበልጥ ደሴት አለች። ቀድሞ የኮኮናት እርሻ ነበረች። በ1960ዎቹ የሲሸልስ ዋርብለር የተባለች ትንሽ ዘማሪ ወፍ ከዓለም ሁሉ የቀረችው እዚህች ደሴት ላይ ብቻ ነበር፤ ቁጥሯም ከሠላሳ ያነሰ ነበር። በ1968 ዛሬ በርድላይፍ ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት ደሴቲቱን ገዛት። ኮኮናቱ እየተወገደ ሀገር በቀሉ ዛፍ እንዲያገግም ተደረገ፤ ወፏም ተባዛች። እንቁላሉን ሁሉ በአንድ ቅርጫት ላለማስቀመጥ በ1988 ሃያ ዘጠኝ ወፎች ወደ አሪድ ደሴት ተወሰዱ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ደሴቶች። ዛሬ የሚቆጠሩት በሺዎች ነው።

ለእኛ የሚበልጠው ግን የኩዘን አገባብ ነው። ጎብኚዎች የመጡበት ጀልባ ዳርቻውን አይነካም። ባሕር ላይ ይቆማል፤ የደሴቲቱ ጠባቂዎች በራሳቸው ጀልባ መጥተው እንግዶቹን ይቀበላሉ። በእንግዳ ጀልባ የተደበቀ አይጥ ወደ የብስ እንዳይዘል ነው። አንዳንዱ ጎብኚ በማዕበል መካከል ከጀልባ ወደ ጀልባ መሻገሩ ያማርረዋል። ማካምቦን የሚያስታውስ ሰው ግን ነገር ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ያለውን እንደሆነ ይገባዋል።

የኒውዚላንዷ ቲሪቲሪ ማታንጊ ደግሞ በሌላ መንገድ ታስተምራለች። ከኦክላንድ ከተማ በጀልባ የሚደረስባት 220 ሔክታር የሆነች ደሴት ናት። ከመቶ ዓመት በላይ የከብትና የበግ ግጦሽ ስለነበረች ጫካዋ ተመንጥሮ ያለቀ ያህል ነበር። ከ1984 እስከ 1994 በጎ ፈቃደኞች ከ250,000 በላይ ዛፎች ተከሉባት። ችግኙን ያፈላ የነበረው የደሴቲቱ የመጨረሻው የባሕር መብራት ጠባቂ ሬይ ዋልተር ነበር። በ1993 አይጦቹ ተወገዱ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ወፎቹ አንድ በአንድ እየተጫኑ መጡ፤ ከእነዚህም አንዱ ታካሄ ነው፤ ጠፍቷል ተብሎ ከኖረ በኋላ በ1948 በደቡብ ደሴት ተራሮች ውስጥ እንደገና የተገኘው፣ የማይበር፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ወፍ።

በዚያ ዘመን የተለመደው አሠራር ብርቅ ወፍ ያለበትን ደሴት ለሕዝብ መዝጋት ነበር። ቲሪቲሪ የተከፈተችው ሆን ተብሎ ነው። ዛፍ ተከሉ የተባሉት ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ተመለሱ፤ የተከሉት ጥላ ሥር ቆመው ወፍ ሲዘምር ሰሙ። ለእኔ ይህ ከየትኛውም የጥበቃ ሕግ ይበልጣል። በጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ሻንጣችሁን ፈትሹ፣ ምግባችሁን በደንብ በሚዘጋ ዕቃ አድርጉ፣ ጫማችሁን አጽዱ ትባላላችሁ። ፍተሻው ለይስሙላ አይደለም። አይጥ ብቻ ሳይሆን ጉንዳንና የአረም ዘርም በቦርሳ ኪስ ይጓዛሉ።

ስለ ዘር ካነሣሁ የሰርትሲን ነገር ልንገራችሁና ሳቁ። ሰርትሲ በኖቬምበር 1963 ከአይስላንድ በስተደቡብ ከባሕር ሥር በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተወለደች ደሴት ናት። ሕይወት በባዶ አለት ላይ እንዴት እንደሚጀምር እንዲጠናባት ከ1965 ጀምሮ ከተመራማሪዎች በቀር ማንም እንዳይረግጣት ተከለከለ። ከዕለታት አንድ ቀን የቲማቲም ተክል በቅሎ ተገኘ። ነፋስ አላመጣውም። ከጎበኟት አንዱ ሆዱ አስቸግሮት ሜዳ ላይ ተጸዳድቶ ኖሯል። ተክሉ ተነቀለ። እነዚያ ሰዎች በሙያቸው የተመረጡ፣ ጥንቃቄውን ከእኔና ከእናንተ የበለጠ የሚያውቁ ነበሩ። ስለዚህ ጫማችሁን አጽዱ ስትባሉ አትቀየሙ። የጫማ ሶል ጭቃ፣ የካልሲ ጠርዝና የሱሪ እጥፋት ዘር የሚሸሸግባቸው ስፍራዎች ናቸው፤ ማታውኑ ቤታችሁ ሳላችሁ በብሩሽ አጽዷቸው።

ደሴቱ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ትልቁ ትእዛዝ ከመንገዱ አትውጡ የሚለው ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ ሣር እንዳይረገጥ ብቻ አይደለም። በዌልስ ጠረፍ አጠገብ የምትገኘው ስኮመር ደሴት መሬቷ እንደ ወንፊት የተቦረቦረ ነው፤ ማንክስ ሺርዋተር የተባሉት የባሕር ወፎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በመቶ ሺዎች ጉድጓድ ምሰው ይጥሉበታል። ከመንገዱ አንድ እርምጃ ብትወጡ የአንዱ ጎጆ ጣሪያ ከነጫጩቱ ሊደረመስ ይችላል። የሚገርመው ደግሞ እነዚህን ወፎች ቀን የመጣ ጎብኚ አያያቸውም። ከአዳኝ ለመሸሽ ወደ የብስ የሚመጡት በሌሊት ነው። ሰው ሜዳውን ባዶ ነው ብሎ ይረግጣል፤ ከእግሩ ሥር ግን ከተማ አለ። ስኮመር በቀን የሚያርፍባት ጎብኚ ከ250 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ቲኬት አጥቶ የተመለሰ ሰው ቢበሳጭ አይፈረድበትም፤ ገደቡ ግን ትክክል ነው።

የባሕር ዳርቻም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ደሴቶች አሸዋ ላይ በችካልና በገመድ የታጠረ ባዶ ስፍራ ብታዩ፣ ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባል ትንሽ የዳርቻ ወፍ እንቁላል ጥላበት ይሆናል። እንቁላሉ የአሸዋ ቀለም ስላለው ዓይናችሁ ላያየው ይችላል። ውሻ እዚያ በማሰሪያ ይያዝ የሚባለው ውሻው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ እናቲቱ ተደናግጣ ከተነሣች በኋላ እንቁላሉን ፀሐይ ያበስለዋል። በእነዚሁ ደሴቶች ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ማታም ገላችሁን መርምሩ፤ መዥገሮቹ ‹ላይም› የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋሉ።

አሁን ወደማይወደደው ክፍል ልግባ። ደሴትን መጠበቅ ብዙ ጊዜ መግደል ማለት ነው። በጋላፓጎስ ደሴቶች መርከበኞችና ሰፋሪዎች ያመጧቸው ፍየሎች ተራብተው፣ ግዙፎቹ ኤሊዎች የሚመገቡትንና የሚጠለሉበትን ተክል ጨርሰውት ነበር። ከ1997 እስከ 2006 በተካሄደ ዘመቻ ከሳንቲያጎና ከሰሜን ኢዛቤላ ደሴቶች ከ140,000 በላይ ፍየሎች ተወገዱ፤ ብዙዎቹ ከሄሊኮፕተር እየተተኮሰ። የቀሩት ጥቂቶች በገደል ሲደበቁ፣ ፍየል ብቻዋን መኖር እንደማትወድ የሚያውቁት ባለሙያዎች አንዳንዶቹን ይዘው መከታተያ መሣሪያ አንገታቸው ላይ አስረው ለቀቋቸው። የተለቀቀችው ፍየል ጓደኞቿን ፈልጋ ትደርሳለች፤ ተኳሾቹም ይከተሏታል። ‹የይሁዳ ፍየል› ብለው ሰየሟት። ለዚህ ነገር ልቡ የማይደማ ሰው አላምንም። ሥራው ግን መሠራት ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ተክሉ ተመልሷል፤ ኤሊዎቹም የሚጠለሉበት አላቸው።

መግደሉ ራሱም ቢሆን እውቀት ይፈልጋል። በአውስትራሊያ ሥር በምትተዳደረው በማኳሪ ደሴት ድመቶቹ በ2000 ተወግደው አለቁ። ድመቶቹ ወፍ ይበሉ ነበር፤ ጥንቸልም ይበሉ ነበር። ጥንቸሎቹን ያመነምን የነበረው በሽታም ኃይሉ ስለደከመ ቁጥራቸው ከመቶ ሺህ አልፎ ቁልቁለቱን ላጭተው አራቆቱት። በመጨረሻ ጥንቸሉም፣ ትልቁ አይጥም፣ ትንሹ አይጥም በአንድ ዘመቻ መታደን ነበረበት፤ ደሴቲቱ ከእነርሱ ነጻ መሆኗ የታወጀው በ2014 ነው።

ሰው የሚኖርበት ደሴት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይለያል። ሶኮትራ ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ ማዶ የምትገኝ የየመን ደሴት ናት፤ በ2008 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከ825 ያህል የዕፀዋት ዝርያዎቿ 37 በመቶው ሌላ የትም አይበቅሉም። ጃንጥላ የሚመስለው የዘንዶ ደም ዛፍ ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ ልጆቹን ግን ፍየል ይበላቸዋል። እዚህ ሄሊኮፕተር ይምጣ የሚል ሰው የሰውየው ፍየል ምግቡና ሀብቱ መሆኑን የረሳ ነው። የሚሠራው ችግኙን አጥሮ ማሳደግ ነው፤ ዛፉ በጣም ዘገምተኛ ስለሆነም አጣሪው ፍሬውን አያየውም። እንዲህ ባለ ስፍራ ስትጎበኙ መሪ አድርጋችሁ የምትይዙት የአካባቢውን ሰው ይሁን፤ የምትከፍሉት ገንዘብ ከፍየል ሌላ መተዳደሪያ ይሆነዋል።

አንዳንድ ደሴቶች ደግሞ አይከፈቱም። ሃውቱሩ ከቲሪቲሪ ብዙም አትርቅም፤ ከ1895 ጀምሮ ጥብቅ ናት፤ ያለ ልዩ ፈቃድ ማንም አይወርድባትም። ሂሂ የተባለው ወፍ ከሌላው ምድር ሁሉ ሲጠፋ የተረፈው እዚያ ነው። ዛሬ በቲሪቲሪ ሂሂን በዓይናችሁ የምታዩት ሃውቱሩ ለእናንተ ስለተዘጋች ነው። ስለዚህ የተከለከለ ደሴት ሲያጋጥማችሁ የሚወስዳችሁን ጀልባ ነጂ በገንዘብ ለማባበል አትሞክሩ።

የመጨረሻው ነገር ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው ስትሻገሩ በዚያው የደሴቶች ስብስብ ውስጥ ስለሆናችሁ ብቻ ጥንቃቄው ያበቃ አይምሰላችሁ። በጋላፓጎስ የአንዱ ደሴት ኤሊ ከሌላው ደሴት ኤሊ የተለየ ነው፤ ተክሉም እንዲሁ። ፒንታ የምትባለው ደሴት የመጨረሻ ኤሊ፣ ‹ብቸኛው ጆርጅ› ይሉት የነበረው፣ በ2012 ሲሞት የዚያች ደሴት ዘር አበቃ፤ በአጠገቧ ባሉት ደሴቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ኤሊዎች እየኖሩ። ስለዚህ ጠዋት ከአንዱ ደሴት ስትነሡ፣ ከሰዓት በኋላም ሌላው ላይ ከመውረዳችሁ በፊት፣ የጫማችሁን አሸዋ እዚያው በተነሣችሁበት ዳርቻ አራግፉት። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።